ከዘር ጋር የቀዘቀዘው ዲስኬት

ሮሳሊና ናዳው በወረደ በሦስተኛው ሳምንት ከኢፉጋኦ ተራሮች ወደ ባጊዮ ከተማ ወረደች። የዩኒቨርሲቲው የዘር ማከማቻ በር ሲከፈት ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር።

«የእርከኑ ግማሽም ጎተራውም አብረው ሄዱ፣ ማናንግ» አለቻት መዝገብ ያዧን ኮንሶርሲያን፣ በአገሩ ወግ ታላቅ እህቴ ብላ እየጠራቻት። «የሟች እናቴ ሩዝ እናንተ ዘንድ አለ አሉኝ። በአሥር ቀን ውስጥ የችግኝ መደቡ ላይ ካልዘራሁ ዓመቱ አለፈ።»

በዚያ በላይኛው አገር ሩዝ የሚታጨደው በዓመት አንዴ ነው።

ኮንሶርሲያ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ጨርሳ እዚህ ከገባች ጀምሮ አንዲት ፍሬ ያለ ፊርማ ከቀዝቃዛው ክፍል ወጥታ አታውቅም። የመንደሩን ስም በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ጻፈች። አሥራ አራት ከረጢቶች ወጡ፤ የሁሉም ሩዝ ስም አንድ፣ የሁሉም ሰጪ አንድ ሰው፦ የመንደሩ ሹም።

«እሱማ ዘር መለየት መቼ ያውቅና?» አለች ሮሳሊና። «መጠጥ እንጂ።»

እውነቷን ነው። በእነሱ ዘንድ አጨዳ ሲደርስ ለዘር የሚሆነውን ዛላ የምትመርጠው ሴቲቱ ናት። ከሠላሳ ዓመት በፊት የሄዱት ሰብሳቢዎች ግን «አለቃው ማነው?» ብለው ጠየቁ፤ ሹሙም ለሁሉም ፈረመ። ስህተቱን ያየችው ወጣቷ ኮንሶርሲያ ነበረች። በእግሯ ወደ መንደሩ ወጥታ ቤት ለቤት ዞረች፤ የመራጮቹንም ስም በያኔው የመዝገብ ፕሮግራም ሁለተኛ ገጽ ላይ አስገባች። አምና መዝገቡ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ሲዛወር የተሻገረው አንደኛው ገጽ ብቻ መሆኑን ያወቀችው ገና ዛሬ ነው። ርክክቡን የፈረመችው ራሷ ናት።

አሮጌው ኮምፒውተር በዝናቡ ወራት ሻግቶ ተጥሏል። የፕሮግራሙ ቅጂ ተርፏል፤ አዲሱ ማሽን ግን «ይህ ፕሮግራም እዚህ አይሠራም» ከማለት በቀር አንድም ነገር አላደርግ አለ። የኮምፒውተር ጠጋኙ ፋቢያን ተጠራ።

«ይሄስ ካንቺ በፊት ጡረታ መውጣት ነበረበት፣ ማናንግ ኮንሶ» አላት። «ከየከረጢቱ ቆንጠር ቆንጠር አድርገሽ ስጫትና ትሂድ።»

«የእናቷ እርከን ከሁሉ በላይ ነው። ውሃው ይበርዳል። የታችኛውን ዘር እዚያ ብትዘራው ዛላው ፍሬ አይዝም። ዓመቱን ምን ልትበላ ነው፣ ያንተን ምክር?»

ፋቢያን ሳቀና ወንበሩን ሳበ። አዲሱን ማሽን እንደ አሮጌው እንዲሆን የሚያስመስል ሌላ ፕሮግራም ጫነ። ሁለት ጊዜ ተበላሸበት፤ ሁለቱንም ጊዜ ኮንሶርሲያ «እንደገና» አለችው። እኩለ ቀን ላይ ጥቁር መስኮት ተከፍቶ አረንጓዴ ፊደላት ተደረደሩ፦ «የመዝገቡን ዲስኬት ያስገቡ።»

መሳቢያው ውስጥ ያሉትን ዲስኬቶች ነጭ ሻጋታ ወርሷቸዋል። ፋቢያን አንዱን በሁለት ጣቶቹ አንጠልጥሎ አሸተተው። «ይሄማ አይብ ሆኗል።»

ኮንሶርሲያ ካፖርቷን ደርባ ቀዝቃዛው ክፍል ገባች። ቁጥር የተጻፈበት፣ ዙሪያው የታሸገ የብር ወረቀት ከረጢት ይዛ ወጣች። የዲስኬቶቹን ቅጂዎች ሠርታ፣ እርጥበት መጣጭ ጨምራባቸው እንደ ማንኛውም ዘር ካስቀመጠቻቸው ሃያ ዓመት አልፏል።

ፋቢያን እጁን ዘረጋ።

«እንዳትነካው። በቅዝቃዜው ከተከፈተ ጤዛ ይይዛል። እስከ ነገ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ።»

«ሴትዮዋ ቀን እየቆጠረች አንቺ ከረጢት ታሞቂያለሽ?»

ሮሳሊና ጣልቃ ገባች። «ዘጠኝ ቀን ይተርፈኛል። ብቻ የት አድራለሁ?»

«እኔ ቤት» አለች ኮንሶርሲያ።

በማግስቱ ከረጢቱን በመቀስ ቆረጠችው። ዲስኬቱ ደረቅ ነበር። ፋቢያን ያመጣው የዲስኬት ማንበቢያ አጉረመረመ፣ ዝም አለ፣ እንደገና አጉረመረመ። መዝገቡ ተከፈተ። ሁለተኛውን ገጽ የሚያወጣውን ቁልፍ ጣቶቿ አልረሱትም። አንድ፣ ሁለት እያለች አሥራ አንደኛው ላይ ደረሰች፦ «መራጭ፦ ኢንታናፕ። የላይኛው እርከን፣ ቀዝቃዛ ውሃ። የዛላው ጢም ቀይ።»

«እናቴ ናት» አለች ሮሳሊና። ጣቷን ስሙ ላይ አድርጋ ፊደሉን አንድ በአንድ ተከተለች።

በደንቡ መሠረት የከረጢቱ ግማሽ ተሰጣት። አዲሱ ቅጽ ለመራጭ የተተወ ቦታ የለውም። ኮንሶርሲያ በማስመሪያ መስመር አሰመረችና «ኢንታናፕ» ብላ ጻፈች።

«ከእንግዲህስ የማንን ስም ይጽፋሉ፣ ማናንግ?»

«ያንቺን አሁን አልጽፍም፤ ገና አልመረጥሽም። ስታጭጂ መርጠሽ አምጪልኝና እጽፈዋለሁ።»

ሮሳሊና ዘሩን ከልብሷ ሥር በደረቷ ይዛ ወደ አውቶቡሱ ሄደች። ፋቢያን ዕቃውን መሰብሰብ ሲጀምር ኮንሶርሲያ ማንበቢያውን ያዘችበት።

«ይሄ እዚህ ይቆያል። አንተም ከወንበሬ ተነሣና እንዴት እንደሚከፈት ከመጀመሪያው አሳየኝ፤ እጽፈዋለሁ።»

«ሁሉንም ሁለተኛ ገጽ ልትገለብጪ? ከሺህ በላይ እኮ ነው።»

«ለጡረታዬ ሁለት ዓመት ይቀረኛል» አለችና ቁጥር አንድን ከፈተች።