በእድራችን ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩት ፎቶ

በዚህ ጉዳይ ውስጥ የነበርነው እኔ ልብስ ሰፊው፣ ባለቤቴ፣ ስታዲየም አካባቢ በሒሳብ ሠራተኛነት የምትሠራው ልጃችን፣ የእድራችን ዳኛ፣ ከዚያም የቀድሞው የካዛንቺስ ሰፈራችን ሰው በሙሉ ነን።

ሰፈሩ ሲፈርስ ሰዉ ተበተነ። ብዙው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባ፣ እኔ ላንቻ ጠባብ ሱቅ ተከራይቼ የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ካዛንቺስ ሳለሁ ማስታወቂያ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። የመኪናዬ ድምፅ በመስኮት ይሰማል፤ ሴቶቹ ከወፍጮ ሲመለሱ የልጆቻቸውን ዩኒፎርም ጣል አድርገውልኝ ያልፋሉ፤ ማን እንደወፈረ፣ ማን እንደከሳ ሳልለካ አውቃለሁ። ላንቻ ግን መንገደኛው ያየኛል እንጂ አያውቀኝም። ኪራዩን ከቁጠባችን እየከፈልን ከረምን። እስከ ፋሲካ ደንበኛ ካልመጣ መኪናውን ልንሸጥ ከባለቤቴ ጋር ተስማማን።

አንድ እሁድ ልጄ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ቲክቶክ እንግባ። ሲቆርጡ ሲሰፉ እቀርጽዎታለሁ። በቃ፣ ወጣቱ ያለው እዚያ ነው።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ አልጨፍርም።»

«ማን ጨፍሩ አለዎት? ፌስቡክስ?»

«እዚያ ያለው ስድብ ነው።»

ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ «ተይው፣ ጥሩምባ ግዢለትና ይዙር» አለች።

ጥሩምባ ስትል እድሩ ትዝ አለኝ። ድሮ ሰው ሲሞት የእድራችን ለፋፊ ገና ሳይነጋ ጥሩምባውን እየነፋ በየበሩ ይዞር ነበር። ከተበተንን ወዲህ በእሱ ፈንታ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፍቷል። የሰፈሬ ሰው ሁሉ እዚያ አለ። ሰዎቼ አንድ ቦታ ተሰብስበው ሳለ የማላውቀውን ሕዝብ ምን ልፈልግ አልኩ።

«አባባ፣ እዚያ እኮ የሚለጠፈው... ማለቴ፣ ሰው ይደነግጣል» አለች ልጄ። እንደ እኔ ሙያውን ያለ አስተማሪ የተማረ ሰው ምክር መስማት ይከብደዋል። አልሰማኋትም።

ማስታወቂያ ውሸት ይበዛበታል፤ የእኔ እውነት ብቻ እንዲሆን ፈለግሁ። የት እንደተወለድኩ፣ አሮጌ ኮት እየተረተርኩ ስፌትን በራሴ እንዴት እንደተማርኩ፣ በካዛንቺስ የስንት ሙሽራ ልብስ እንደሰፋሁ ዘርዝሬ ጻፍኩ። የሱቁን አድራሻ በመጨረሻው መስመር አኖርኩ። ከጽሑፉ በላይ ክራባት አስሬ የተነሳሁትን ፎቶ አደረግሁ። ጠዋት ለጥፌ ስልኬን አጠፋሁ፤ ሥራ ላይ ስልክ አልወድም።

ወደ ስድስት ሰዓት ግድም ከመንገዱ «ወንድሜን! ወንድሜን!» የሚል ጩኸት መጣ። መርፌ እንደያዝኩ ብቅ አልኩ። የድሮ ጎረቤታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ስታየኝ ደረቷን መምታቷን አቆመች።

«አለህ?»

«አለሁ። ማን ሞተ?»

«አንተ ነህ እንጂ!»

ለካ ፎቶዬን ያየ ሁሉ መካከሉን ዘሎ ወደ መጨረሻው መስመር ሄዷል፤ የለቅሶ ቤት አድራሻ የሚጻፈው እዚያ ነውና። ሰዉ ከየታክሲው ይወርድ ጀመር። ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የጫነ አይሱዙ መጥቶ ቆመ፤ ዳኛው ከጋቢናው ወረደ።

«አንተ ሰውዬ! እዚያ ግሩፕ ላይ ፎቶው ወጥቶ በእግሩ ቆሞ የተቀበለን የለም። ስልክህስ?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«የሟች ስልክ ነዋ!»

ሁሉም ሳቀ። በዚህ መሐል ባለቤቴ ከገበያ ወደ ሱቁ ስትመጣ የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች አየች። ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ። በሰዉ መሐል ጠርቻት እስክታየኝ ድረስ ፊቷ ላይ የነበረውን አልረሳውም። «ደንበኛ ፍለጋ እኔን ልትገድል ነው?» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ለቀናት አላናገረችኝም። ተገቢ ነበር።

የመጣው ሰው ግን ዝም ብሎ አልተመለሰም። አግዳሚዎቹ ወረዱ። ንፍሮ ቀቅላ የመጣች አንዲት እናት «ላንተ ነው የተቀቀለው፣ አንተው ጀምር» ብላ ዘረጋችልኝ። ስንበላ ቀና ብዬ አየሁ። ማንም ሳያዛቸው በድሮው በራቸው ተራ ተቀምጠዋል፤ መካኒኩ ከዳቦ ጋጋሪዋ ቀጥሎ፣ ጡረተኛው መምህር ከወፍጮ ቤቱ ባለቤት ቀጥሎ። የፈረሰው መንገዳችን እግዚአብሔር ይመስገን ሰዉ ውስጥ አልፈረሰም ነበር። ቧንቧው ላይ የተጣላነውን፣ በክረምት ጎርፍ የወሰደውን ጫማ ሳይቀር እያነሳን ዋልን።

ሲነሱ መካኒኩ «ከመጣሁ አይቀር» ብሎ ሱሪውን እንዳሳጥርለት ተለካ። በሳምንቱ ዩኒፎርም መጣ፣ ከዚያም የሠርግ ልብስ። ለፋሲካ መኪናው አልተሸጠም። ልጄም የእኔ ፊት የሌለበት፣ ኮትና ሱሪ ብቻ የሚታይበት የራሳችንን ቻናል ከፈተች። ልጄን ሁልጊዜ ገበያ ሰው ባለበት ነው እላት ነበር። ሰው እዚያ የተሰበሰበው ለምን እንደሆነም ጠይቂ ማለት ነበረብኝ።

እድሩ በቀጣዩ ስብሰባ ጉዳዬን አየ። የአይሱዙው ኪራይ፣ የሰዉ ታክሲ፣ ሥራ ፈትተው የዋሉት ሰዎች የቀን ገቢ፣ በእኔ ላይ የተጣለው ቅጣትም ተደመረ። ዳኛው ቆሞ አነበበው፤ በሁላችን ላይ የደረሰው ወጪ አሥራ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ ብር ነበር።