ኮምፒዩተር ያሰረው ሰው

የመሥሪያ ቤታችንን ኮምፒዩተር ጠጋኝ «ዝሜ» ነው የምንለው። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው። ሰው ሲጮህበት «ዝም አይነቅዝም» ይልና ካቻቢቴውን ያነሳል፤ በቃ፣ ዝሜ ሆኖ ቀረ። እኔን እንዲህ ዓይነት ሰው ያቃጥለኛል። የምስክር ወረቀት መስኮት ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞት ማስረጃ ፈላጊ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው የኔን ፊት ነው። እኔ እንደሱ ዝም ብል ኖሮ ይሄኔ የራሴን የሞት ማስረጃ ሰው ይወስድልኝ ነበር።

ዝሜ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚህ መሄድ። ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ስትመኘው የኖረችውን የማዋለጃ ክፍል ኃላፊነት ሌላ ከተማ ያለ ሆስፒታል ሲሰጣት ልጃቸውን ይዛ ሄደች። ለሱም እዚያው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሥራ አገኘችለት። ትምህርት ቤቱ ግን መልቀቂያ ሳያይ አይቀጥርም፤ መልቀቂያውን የሚፈርሙት ደግሞ አለቃችን ናቸው። ትምህርት ሳይከፈት ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

አለቃችን ክፉ ሰው አይደሉም። ይሄ ነው የሚያናድደኝ! ክፉ ቢሆኑ ረግሜያቸው ይወጣልኝ ነበር። «የኔ ልጅ» ይሉታል፣ ትከሻውን መታ መታ ያደርጋሉ። «ማሽኖቹን አስተካክልልኝ እንጂ በማግሥቱ እፈርምልሃለሁ።»

የማሽኖቹ ነገር እንዲህ ነው። ድሮ ጭር ጭር የሚሉት ዲስኮች ወጥተው ኤስ ኤስ ዲ የሚባሉት አዲሶቹ ሲገቡልን ጉድ ተባለ። ስም ጽፈህ እጅህን ሳታነሳ ፋይሉ ዱብ ይላል። ጥቂት ወራት ቆዩና ግን ተንቀራፈፉ። ትናንት የተመዘገበ ሕፃን ወዲያው ይመጣል፤ ቆየት ያለ ሰው ፋይል ሲፈለግ ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። አንድ ሽማግሌ የልደት ማስረጃ ሊወስዱ መጥተው ወንበሩ ላይ ቢጠብቁ ቢጠብቁ፣ «ልጄ፣ እንደገና እያማጣችሁኝ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ስድቡን ግን የጠጣሁት እኔ ነኝ።

ዝሜን ጠርቼ ጮህኩበት። እንደ ልማዱ ዝም አለ፤ ቀን ሙሉ ሲመረምር ዋለና ወደ ማምሻው መስኮቴ ጋ መጣ።

«እትዬ፣ እነዚህ ዲስኮች ውስጣቸው የሚዞር ነገር የለም፤ ቺፕ ብቻ ነው። የተጻፈባቸው ነገር ሳይነካ ብዙ ከቆየ ይደበዝዛል። አልጠፋም፤ ዲስኩ ግን ደጋግሞ እያየ ነው የሚያነበው።»

«እኔ መነጽሬን ሳላደርግ እንደማነበው በለኛ!»

«እንደዚያው። የሠራው ድርጅት ማስተካከያ አውጥቷል። የዲስኩን የራሱን ውስጣዊ ፕሮግራም፣ ፈርምዌሩን፣ እቀይረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያረጀውን ጽሑፍ ራሱ እያደሰ ይጽፈዋል።»

ማሽን በማሽን ዞሮ ቀየረው። የጥገና ሶፍትዌሩንም ጭኖ የቆየውን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደ አዲስ አስጻፈው። በረሩ! አለቃችን አዳራሹ መሀል ቆመው አጨበጨቡ። ዝሜ የዚያን ቀን ሲስቅ ጥርሱን አየሁት፤ ለካስ ያምራል።

«እንግዲህ ጌታዬ፣ መልቀቂያዬን…» አላቸው።

«ምን አስቸኮለህ? ትንሽ እንየውና!» አሉት።

ትንሽ አየነው። ክቧ ተመልሳ መዞር ጀመረች።

ዝሜ ሶፍትዌሩን ከፍቶ በእጁ አስጻፋቸው፤ ፈጠኑ። ሳምንታት አለፉና ተንቀራፈፉ። እንደገና አስጻፋቸው፤ እንደገና ተንቀራፈፉ። አለቃችን በየጊዜው አንድ ቃል ነው ያላቸው፦ «አየህ የኔ ልጅ? ያለ አንተ አይሆንም።» ሚስቱ ትደውላለች። የስልኩ የጆሮ ድምፅ ከሞተ ቆይቷል፤ የሰው ዕቃ እየጠገነ የራሱን ስላልጠገነ ሁልጊዜ በውጭ ድምፅ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ትዳሩን አዳራሹ ሁሉ ያውቀዋል።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«ማሽኖቹን ጨርሼ…»

«ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ማሽኖቹን?»

እኛ አንገታችንን ወረቀት ውስጥ እንቀብራለን። እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቆማል። አንጀቴን በላው፤ ከዚያ ወዲህ መጮሁን ተውኩለት።

ምክንያቱን ያገኘው በራሱ በአለቃችን ቢሮ ነው። የጸሐፊያቸው ማሽን እንደኛው ነው፤ ዲስኩም ፈርምዌሩም አንድ ዓይነት። አንድ ቀን እንኳ ተንቀራፎ አያውቅም። ዝሜ ጥግ ላይ ያለችውን የአለቃችንን ትንሽ ማቀዝቀዣ አየና ገባው። የኛ አዳራሽ ማታ ማታ መብራቱ ከዋናው ማብሪያ ይዘጋል። አንድ ጊዜ አንዷ ሠራተኛ ማሞቂያ ሳታጠፋ ሄዳ መጋረጃ ስለተቃጠለ፣ አለቃችን «ሥራ ሲያበቃ ሁሉም ነገር ከሥሩ ይዘጋ» ብለው አዘዙ። በየስብሰባው የሚኮሩበት ትእዛዝ ነው። የሳቸው ቢሮ ብቻ ለማቀዝቀዣው ሲባል አይዘጋም፤ የጸሐፊዋም ማሽን በርቶ ያድራል። ዲስኩ ደግሞ የሚያድሰው ኮምፒዩተሩ በርቶ ሥራ ሲፈታ ነው። ቀን ላይ እኛ ፋታ አንሰጠው፤ ማታ ዘበኛው ይዘጉታል።

ዝሜ ሄዶ አስረዳቸው። «መብራቱ ማታ ካልተዘጋ ማሽኖቹ በርተው እያደሩ ዲስኮቹ ራሳቸውን ያድሳሉ። ከዚያ በኋላ እኔ አላስፈልግም» አላቸው።

ያቺን የመጨረሻዋን ነገር ባይናገራት! ፊታቸው ተለወጠ። «አንተ ለመሄድ ስትል ሕንፃዬን ልታቃጥልብኝ ነው?»

ዝሜ ካቻቢቴውን አንስቶ ወጣ። እኔ ግን ዝም የምል ሴት አይደለሁም። ዘበኛው አባባ ጋ ሄድኩ። አባባ ሰው አክባሪ ናቸው፤ ጡረታቸው ደርሷል፣ የሚፈሩት አንድ ነገር ከዚያ በፊት መባረር ነው።

«አባባ፣ የአዳራሹን ማብሪያ ብቻ ይተዉልን። ማሞቂያውን ሁሉ እኔ ራሴ እየነቀልኩ ነው የምወጣው።»

«ልጄ፣ ቢታወቅ ማን ያበላኛል?»

«ማን ይናገራል? እኔ ነኝ ወይስ ዝሜ?»

«ይሄ ልጅ የሴት ልጄን ኮምፒዩተር በነፃ ሠርቶላታል» አሉ አባባ። «እሺ። ግን አፋችሁን!»

ከዚያ ወዲህ ክቧ የምትባል ነገር አላየሁም። ሳምንታት አለፉ፤ የድሮ ሰው ፋይል እንደ ትናንት ሰው ይከፈታል። ሰልፉ አጠረ፣ ሰው እየመረቀኝ መሄድ ጀመረ፤ እኔን! ትምህርት ሊከፈት ተቃርቧል። ዝሜ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ፤ እኔም የሚፈረም ወረቀት ያለኝ አስመስዬ ተከትዬው ገባሁ።

አለቃችን ተነሥተው ተቀበሉት። «ተአምር ነው! ከበላይ አካል ሳይቀር ምስጋና ደረሰኝ። መብራት እየዘጋን፣ ሥራውም እየፈጠነ! ምን አድርገህ ነው?»

ዝሜ አፉን ከፈተ። እኔ ያኔ ነው የነቃሁት። እውነቱን ከተናገረ፣ ማሽኖቹ ያለ እሱም እንደሚኖሩ ገብቷቸው ሊለቁት ይችላሉ፤ አባባ ግን የዚያኑ ቀን ከበር ይባረራሉ። ከዋሸ ደግሞ ተአምር ሠሪው ራሱ ሆነ፤ ተአምር ሠሪን ማን ይለቃል? በየትም በኩል መውጫ የለም። መስኮቱን ተመለከተ፤ አባባ ውጭ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ወንበር ሲያወጡላት ነበር።

«ንገረኝ እንጂ፣ ዝም አትበል። ማን ነው ያስተካከላቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ።

«እንዲህ ያለውን ሰው ለቅቄ እኔ አብጃለሁ?» ብለው ከት ብለው ሳቁ። ትከሻውንም መታ መታ አደረጉት።

እኔ ልናገር ብዬ አንድ እግሬን አራመድኩ። ዝሜ እጄን ያዘኝ። ከጨበጠኝ አጨባበጥ፣ ብናገር ይቅር እንደማይለኝ አወቅኩ። ወረቀቴን ሳላስፈርም ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ያለ እፍረት አለቀስኩ።

እሱ ከኔ ዝቅ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ደወለ። ሚስቱ ገና «ሄሎ» ስትል ገባት።

«አልፈረሙም አይደል?»

«አልፈረሙም።»

ስልኩ ውስጥ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል፤ በዚያች ሰዓት የተወለደ ይሆናል። በር ሲዘጋ ሰማን፤ ለቅሶውም ራቀ።

«እኔ ሥራዬን አስረክቤያለሁ» አለችው። «ይሄ እንደሚመጣ አውቄዋለሁ። ልጅቷ ማታ ማታ ፎቶህን ይዛ መተኛት ጀምራለች፤ ከዚህ በላይ አልችልም። እኛ እንመጣለን።»

«ክፍሉንስ? ስንት ዓመት የለፋሽበትን…»

«ተወው።»

«አይለቁሽም» አለ ዝሜ፤ ድምፁ ውስጥ ተስፋ ነበረበት። «እንዳንቺ ያለ ሰው ዝም ብለው አይለቁም።»

«ለቀቁኝ እንጂ» አለች። «አለቃዬ ጥሩ ሰው ናቸው። ባሌ መምጣት አልቻለም ስላቸው፣ ቁጭ በዪ እንኳ ሳይሉኝ እዚያው ፈረሙልኝ።»