ያጠበቅሁት ቃታ

አባቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ቶርኖ ቤቴን ረግጦ አያውቅም ነበር። ቡታጅራ ከተማ፣ ከቤቴ ጓሮ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አንድ አሮጌ ቶርኖ ማሽን፣ አንድ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ሞርሳና አንድ የብየዳ ማሽን አለኝ። የወፍጮ ዘንግ እቀርጻለሁ፣ ለባጃጅ የሚሆን ነገር አወጣለሁ፤ ከቆሼ ከተማ ድረስ ብረት ተሸክመው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። አባቴ ግን ለገበያ ሲመጣ ደጄ ላይ ቆሞ ልጆቼን ስሞ ይሄዳል እንጂ ወደ ጓሮ አይዘልቅም። በእኛ አገር ብረት የሚነካ ሰው ቀጥቃጭ ነው፤ ከቀጥቃጭ ጋር ደግሞ ድሮ ማዕድ አይቆረስም፣ ልጅም አይዳርለትም። ዘመኑ ተለውጧል ይላሉ። ምኑ ተለወጠ! ልጅህ ምን ይሠራል ሲሉት "ከተማ ነው፣ ይነግዳል" ነበር መልሱ። እኔና ንግድ!

ስለዚህ አንድ ማለዳ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ እስከ ጓሮ ሲዘልቅ፣ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ አለኝ። ጋቢውን ቢፈታው ምንሽሩ ነው፤ ሚሊሺያ ሳለ ይዞት የኖረ፣ ቀበሌ ያስመዘገበው አሮጌ ጠመንጃ። ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል፣ አፈሙዙ ዝጓል።

"ያ ወዳጄ አልጋ ይዟል" አለኝ። አብሮት ሚሊሺያ የነበረ ጎረቤቱን ነው። "ቀድሞ ለሄደው የቀረው መቃብሩ ላይ ሦስት ጥይት ሊተኩስለት ተማምለናል። ይኼ ደግሞ አልተኩስ ብሏል። አንተ ታውቅበታለህ ይላሉ።"

ይላሉ! "ታውቅበታለህ" ማለት ከብዶት እኮ ነው። ያም ሆኖ ሰማይ የነካሁ መሰለኝ። ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መነካካት እንደሚያስጠይቅ አላጣሁትም፤ ግን አባቴ በአርባ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ይዞልኝ መጥቶ እንዴት አልችልም እላለሁ?

የወፍጮውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን አልኩት። መብራት በመጣ ቁጥር ምንሽሩ ላይ ነኝ። ጥይቱን የምትመታው መርፌ ተሰብራ ነበር፤ አዲስ ቀርጬ አስገባሁ። ከደረቀ ዋንዛ ሰደፍ አወጣሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ዘይት አጠጣሁት። ዝገቱን ጠርጌ አፈሙዙን አበራሁት። ይኼ ሁሉ በቂ ነበር። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ!

ቃታው ግን ዓይኔን ወጋኝ። ጣት ሲያርፍበት በመጀመሪያ እንዲሁ ላላ ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ አንድ ቦታ ሲደርስ ይጠነክራል፤ ከዚያ ወዲያ ሲሳብ ነው የሚተኩሰው። እኔ ቀኑን ሙሉ የላላ ነገር ሳጠብቅ የምውል ሰው ነኝ። ዘንግ ተዋለለ፣ አጥብቅ፤ ጎማ ተነቃነቀ፣ አጥብቅ። ያንን ልቅነት ሳይ ከእርጅና የመጣ መሰለኝ። ጠመንጃው ከተወለደ ጀምሮ እንዲያ መሆኑን፣ ተኳሹ ያንን የላላውን ቀድሞ ስቦ የሚያልምበት መሆኑን የሚነግረኝ ሰው አልጠየቅሁም። አዋቂ ነኛ! ሞረዴን አንስቼ ልቅነቱን አጠፋሁት። የአባቴ ጣት እንዳይደክም ብዬ ጥንካሬውንም ቀነስኩለት። ሲነካ የሚሄድ ቃታ ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ለእኔ ነው።

አባቴ ሊወስደው ሲመጣ ሰደፉን በመዳፉ ደጋግሞ ዳበሰው። ትከሻው ላይ አድርጎ አለመ፤ ቃታውን ግን አልሳበም። ባዶ ጠመንጃ አይሳብም የሚል የቆየ ሕግ አለው። የቀሩት ጥይቶች ደግሞ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሦስቱም የወዳጁ ናቸው። ስለዚህ አልሞከርነውም።

"ምን ምኑን ነካኸው?" አለኝ።

"አዲስ አድርጌልሃለሁ አባባ" አልኩት። ስለ ቃታው አላነሳሁም፤ ሲተኩስ ራሱ አውቆት እንዲገረም ፈልጌ ነው። እንደ ልጅ!

"እጅህ ይባረክ" አለኝ። አርባ ዓመት የጠበቅኋት ቃል ናት።

ወዳጁ በሁለተኛው ሳምንት አረፈ። የሟቹ አንድያ ወንድ ልጅ ወልቂጤ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ እሱም ለቀብር ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ አፈሩ ከለበሰ በኋላ፣ ሕዝቡ ለአባቴ ቦታ ለቀቀለት። የሟቹ ልጅ ከጎኑ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ቆሟል። አባቴ ጥይቱን አጎረሰ። ዕድሜውን ሙሉ እንደሚያደርገው ጠመንጃውን ወደ ሰማይ እያነሳ ያ ልቅነት ያለ መስሎት ቃታውን ሳብ አደረገ።

አፈሙዙ ገና ወደ ላይ ሳይዞር ጥይቱ ወጣ። ልጁ አንገቱን ይዞ አባቱ መቃብር ላይ ወደቀ። ጤና ጣቢያ አልደረሰም። በማግስቱ እዚያው ጎን ሌላ ጉድጓድ ተቆፈረ።

ፖሊስ አባቴንም ምንሽሩንም ወሰደ። ጠመንጃውን ማን አደሰው ሲሉት ስሜን አላነሳም። በዋስ በወጣ ሰሞን ሽማግሌዎች ደሙን ሊያደርቁ በጀፎሩ፣ በመንደሩ ሰፊ ሣር ላይ ተቀመጡ። የሟች ወገን በአንድ በኩል፣ እኛ በሌላው። ከመሐል አንደኛው ሽማግሌ አባቴን "እጅህ ነው ወይስ መሣሪያው?" ብለው ጠየቁት።

አባቴ ተነሣ። "መሣሪያው ምንም የለበትም" አለ። "ልጄ ነው የሠራው። ልጄ ቶርኖ ነው፤ ብረት ያውቃል። ያረጀው እጄ ነው።"

ልጄ ቶርኖ ነው አለ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ! ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው "የምታውቀው ካለ ተናገር" አሉኝ። ሚስቴን አሰብኩ፣ ልጆቼን አሰብኩ፣ እስር ቤቱን አሰብኩ። ከሁሉ በላይ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያቺን የአባቴን ቃል ማጣት አልፈለግሁም። "መሣሪያው ደህና ነበር" አልኩ።

ፍርድ ቤቱ በቸልተኝነት ሰው መግደል ብሎ አራት ዓመት ፈረደበት። እሑድ እሑድ ስንቅ እወስድለታለሁ። አንድ እሑድ ስንቁን ተቀብሎ አልከፈተውም። ጠቋሚ ጣቱን አውጥቶ በዝግታ አጠፈና መሐል ላይ አቆመው።

"እስከዚህ ነበር የሳብኩት" አለኝ። "እምላለሁ፣ ከዚህ አላለፍኩም። ቃታውን ነክተኸዋል እንዴ ልጄ?"

"አልነካሁም" አልኩት።

"እንግዲያ እጄ ነው" አለና ጣቱን ጋቢው ውስጥ ከተተው።

በሁለተኛው ክረምት እዚያው ሞተ። ሲቀበር ማንም አልተኮሰለትም። ከዚያ ወዲህ ለሽማግሌዎቹ እውነቱን ልናገር እነሣና እቀመጣለሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኛል ብዬ ራሴን አታልላለሁ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

ባለፈው ሳምንት የማላውቀው ሰው የወፍጮ ዘንግ ከነኩሽኔታው ተሸክሞ ከአገና መጣ። ቡታጅራ ቶርኖ ሞልቶ ሳለ ማን ወደ እኔ እንደላከው ጠየቅሁት።

"አባትህ ናቸዋ! አንድ ክፍል ታስረን ነበር" አለኝ። "በልጄ እጅ ያለፈ ብረት አይከዳም ይሉ ነበር፤ ስትፈታ እሱ ጋ ሂድ ብለውኛል።"

ዘንጉ ኩሽኔታው ውስጥ ይዋልላል። ተቀብዬው ሞርሳው ላይ አሰርኩት።