አዴ ዲንቄ በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው እንግዳ የሆኑበት እሑድ

እሑድ ረፋድ ላይ ነው... ነቀምቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ሦስት ሴቶች ተቀምጠናል። እኔ በግድግዳው በኩል፣ አከራዬ አዴ ዲንቄ በመተላለፊያው በኩል፣ በመካከላችን ደግሞ ሻርፗን እስከ ቅንድቧ የሳበች አንዲት ወጣት።

የወጣቷን ስም አልጽፍም። የመጣችበትንም አልናገርም፤ ከወለጋ ከተሞች አንዱ ነው፣ ይበቃል። ይህን ለመጻፍ የደፈርኩት አሁን ከነቀምቴ ርቃ ስለሄደች ነው። «ዲንቄ» የሚለውም እውነተኛ ስም አይደለም።

ባሏ እጇን ሰብሮታል። ሁለት ጊዜ አመለጠችው፣ ሁለቴም አገኛት። እንዴት አገኛት ብትሉኝ... ሰው ጠይቆ። እኛ ጋ ቤት የጠፋበትን ሰው በጣት ጠቁመን አንተወውም፤ አብረነው ሄደን በሩን አንኳኩተን እናስረክበዋለን። የመሩት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። «ሚስቴ ጠፍታብኝ» ሲላቸው አዝነውለት ነው።

በሦስተኛው ጉዳይዋን የያዘችው የሴቶች ጉዳይ ባለሙያ አዴ ዲንቄ ግቢ አመጣቻት። «ፍርድ ቤቱ እስኪወስን ስሟም፣ ያለችበትም ከዚህ አጥር እንዳይወጣ» ብላ አስጠነቀቀችን። በሌላ አገር የሸሸችን ሴት አድራሻ የሚደብቅ መሥሪያ ቤት አለ አሉ፤ ደብዳቤዋ እንኳ በሌላ ፖስታ ሳጥን ዞሮ ነው የሚደርሳት። በእኛ ግቢ ግን ሥራው የወደቀው በአዴ ዲንቄ ላይ ነበር።

ልጅቷ ለሳምንታት ከበር አልወጣችም። በኋላ «ከሰው ጋር ማምለክ አማረኝ» አለች። አዴ ዲንቄም «ከኋላ ነው የምንቀመጠው፤ ማን ያይሻል?» ብለው ይዘዋት ወጡ።

አንድ ነገር ረስተን ነበር...

መዝሙሩ እንዳለቀ ፕሮግራም መሪው መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ፣ ቀጥሎ በአማርኛ እንዲህ አለ። «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ ጋር የምታመልኩ ካላችሁ ተነሡ፤ ስማችሁንና ከየት እንደመጣችሁ ንገሩንና እንቀበላችሁ።»

በየሳምንቱ የሚባል ነው። በየሳምንቱ ስለሚባልም ነባሩ ሰው አይሰማውም፤ ለእንግዳ ነዋ! እኔም የሰማሁት ያን ዕለት ልጅቷ ክንዴን ስትጨብጠኝ ነው። ዓይኗ ፊት ለፊት በዘንግ ላይ በቆመው ስልክ ላይ ተተክሏል።

«በቀጥታ ይተላለፋል እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አዎ፣ በፌስቡክ።»

«የባሌ እናት ታየዋለች... እሑድ እሑድ ከፍታው ነው የምትውለው።»

ማንም አልተነሣም። ፕሮግራም መሪው ግን በቀላሉ የሚለቅ ሰው አይደለም። «አትፈሩ! ከኋላ አንዲት አዲስ እህት ያለች ይመስለኛል» አለና ወደ እኛ አመለከተ። አስተናጋጇ ማይክ ይዛ መጣች። ስልኩም ወደ እኛ መዞር ጀመረ።

ልጅቷ ልትነሣ ነው። አየኋት። ሰዎች አክብረው ሲጠሯት «አልነሣም» ማለት አልሆነላትም። ስሟንና ከተማዋን ከተናገረች ደግሞ ሰውየው ለምሳ ሰዓት እዚህ ይደርሳል።

አዴ ዲንቄ ጉልበቷን ተጭነው ራሳቸው ተነሡ። ሰፊ ሴት ናቸው፤ እሳቸው ሲቆሙ ከኋላ ያለ ሰው አይታይም። ማይኩን ከአስተናጋጇ ተቀበሉ።

«ስሜ ዲንቄ ይባላል። ከአርጆ ነው የመጣሁት።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አዴ ዲንቄ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ተድረዋል፣ ልጆቻቸውን አሳድገዋል፣ ግማሹን መዘምራን ሰንበት ትምህርት አስተምረዋል። ፕሮግራም መሪውንም ጭምር።

«አዴ ዲንቄ፣ እርስዎን እኮ እናውቅዎታለን!» አለ እየሳቀ።

«እኔ ግን አላወቅኩህም፤ ደህና ልጅ ትመስላለህ። እንግዳ ይነሣ ትላላችሁ፣ ስንነሣ ትከራከራላችሁ። የአርጆ ሰው አትቀበሉም?»

ሳቁ ባሰ። ፕሮግራም መሪው ግን ሳቁን አቆመ። ከአዴ ዲንቄ ቀሚስ ኋላ አንገቷን የደፋችውን ልጅ ለአፍታ አያት... ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አዴ ዲንቄ ከአርጆ! በጋ ነጋን ዱፍተን!» አለ። ጉባኤው በጭብጨባ «እንኳን ደህና መጡ» እያለ መዘመር ጀመረ። ስልኩ አዴ ዲንቄን እንደያዘ ቀረ። እኔና ልጅቷ በጎን በር ወጣን።

አዴ ዲንቄ ግን የእንግዳ ወጉ አልቀረላቸውም። አስተናጋጇ እጃቸውን ይዛ ወደ እንግዶች ክፍል ወሰደቻቸው፤ ሻይና ዳቦ ቀረበላቸው፣ ተጸለየላቸው። ሰፈራቸው የት እንደሆነ ስትጠይቃቸውም «ቤት ገና እየፈለግኩ ነው» አሏት።

ቤት ሲመለሱ ተተናኮልኳቸው። «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዋሹ እኮ!»

«ኢንተሎ! አንቺ ልጅ፣ ከአርጆ አይደለም ወይ የመጣሁት? መቼ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።»

በማግስቱ የልጅቷ እህት በባለሙያዋ በኩል ደወለች። የባሏ ቤት ስርጭቱን አይቶታል፤ ባልየውም ከእናቱ ጎን ተቀምጦ። «የነቀምቴ አሮጊቶች አበዱ እንዴ?» ብሎ ሲስቅ ነበር አሉ። አዴ ዲንቄ ይህን ሲሰሙ ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም።

«ይሳቅ። እየሳቀ የሚፈልግ ሰው የለም።»

በቤተ ክርስቲያኗ ከዚያ ወዲህ «እንግዳ ይነሣ» አይባልም። እኔም አዲስ ሰው ሳገኝ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ትቻለሁ... «ምሳ በላህ?» ነው የምለው፤ የሚበቃም ጥያቄ ነው።