የበግ ጋጣ ያልነው ቤት

እኔ መቼም ከልጅነቴ ጀምሮ ጠያቂ ነኝ። እናቴ «ይቺ ልጅ መልአከ ሞት ቢመጣባት እንኳ ‹ማን ላከህ?› ሳትለው አትሞትም» ትል ነበር። ስለዚህ ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ወዳለች መንደር ተድሬ ስመጣ ባሌን መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ከብቱም ስለ እርሻውም አልነበረም። «ሹሙ የትኛው ጎጆ ሰው እንዳለበት በምን ያውቃል?» አልኩት።

«በጭስ» አለኝ።

እውነትም በጭስ ነበር። የአገሩን ግብር የሚሰበስበው ጭቃ ሹማችን መኸር ሲገባ ማለዳ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ይወጣና ቁልቁል ያያል። ጭስ የወጣበት ጎጆ ሁሉ ሰው አለበት፤ ሰው ያለበት ደግሞ እህል ይሰፍራል፣ ማር ይሰጣል፣ ለአንኮበር ግቢ እንጨት ይሸከማል። ጭስ የሌለውን ማንም አይቆጥረውም። ይሄ ነገር እንዴት እንደገረመኝ! ወጥ የጣደ ሁሉ በራሱ ላይ ያሳብቃል ማለት ነው።

ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብልጥ ነኝ ባይ ነበር እንጂ። ከአባቱ በደረሰው መሬት ላይ፣ ከእናቱ ቤት ጓሮ፣ አዲስ ጎጆ ሠራና «እሳት አናነድበትም፤ እናቴ ዘንድ እየበላን እዚህ እናድራለን። ሲያዩት ባዶ ነው» አለ። ኧረ ያ ብርድ! ጉሙ በበሩ ገብቶ ከእኛ ጋር ያድር ነበር። አጎዛ አንጥፌ፣ አጎዛ ደርቤ፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ደህናው ነገር ጣሪያው ብቻ ነበር። የሰው ሁሉ ጣሪያ በጥላሸት ሲጠቁር የኔ ገና እንደተከደነ ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ የሰፈሩ ሴቶችም እየመጡ ሽቅብ አይተው ይሄዱ ነበር።

አንድ ቀን ሹሙ በበቅሎው በደጃችን ሲያልፍ ቆመ። «ይሄ አዲስ ጎጆ የማን ነው?»

«የበግ ጋጣ ነው፣ ጌታዬ» አለ ባሌ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

እኔ ውስጥ ነበርኩ። ደግነቱ አንዲት በግ ከካፊያው ሸሽታ ገብታ አጠገቤ ቆማ ኖሮ ጮኸች። ሹሙ ሳቀና በቅሎውን ነዳ። እኔም ድምፄ እንዳይሰማ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ሳቅሁ። ያን ዕለት ለአገሩ ከበጎቹ አንዷ ሆኜ መቅረቴን መች አወቅሁት!

እንዲህ ሁለት መኸር አለፈ። ከዚያ የባሌ ያጎቱ ልጅ ከሰላ ድንጋይ በኩል መጣና «መሬቱ የኔ ድርሻ ነው፤ ሰውም የለበት፣ የተገበረበትም የለ» ብሎ ከሰሰው። በእኛ አገር መሬት የኔ ነው ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ገብረህበታል ወይ?» ተብሎ ነው። ባሌ በዳኛው ፊት «እንዴት ሰው የለበትም? ቤቴ አለበት!» ብሎ ተነሣ።

«የበግ ጋጣ ነው ያልከው አንተ አይደለህም? ሹሙ ይጠየቁ» አለ ከሳሹ።

ሹሙ ደግሞ ሞት ቢመጣ አይዋሽም። «አዎ፣ ብሎኛል» አለ። ዳኛው ነገሩን ለመስቀል ማግስት ቀጠረው።

ቤት ስንገባ አበድኩ። «ብልጥ ነኝ ስትል ቤት አልባ ልታደርገኝ ነው?» አልኩት። የመጀመሪያ ልጄ በሆዴ ነበር፤ የት እንደምወልደው ሳስብ ፈራሁ። ባሌ በማግስቱ ሹሙ ዘንድ ሮጦ «ይቁጠሩኝ፤ ልገብር» ቢል ሰውየው እምቢ አለው።

«እኔ ግብሩን ሳስረክብ ለበላይ ጌታዬ ጋጣ ነው ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ከጋጣ ግብር አልቀበልም።»

ከግብር የሚሸሽ ሰው ስንቱን አይቻለሁ። ግብር አልቀበልም የሚል ሹም ያየሁት ግን ያኔ ነው።

አማቴ «በድሏቸዋል፤ ድንጋይ ይሸከም» አለች። የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከበደለው ሰው እግር ሥር ይንበረከካል፤ ይቅር ሳይሉት አያወርድም። ደም ያፈሰሰ፣ አባቱን የሰደበ ሲሸከም አውቃለሁ። «እባክዎ ያስገብሩኝ» ብሎ የተሸከመ ግን ከባሌ በፊትም ከባሌ በኋላም አልሰማሁ። መንደሩ ሁሉ ሊያየው ወጣ።

ሹሙ ከደጁ ወጥቶ አየው። ጢሙ ሥር ሳቅ ሳይታገለው አልቀረም። «ያለፈውን የሁለት መኸር፣ ስለዋሸኸኝም ካሳውን ጨምረህ ትከፍላለህ?»

«እከፍላለሁ።»

«በምን?»

ያን ዓመት ገብሳችንን በረዶ መትቶት ነበር። ያለን ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አባቴ ሲድረኝ የሰጠኝ ጊደር። ልትወልድ ደርሳ ነበር፤ እኔና እሷ ማን ይቀድም ይሆን እያልኩ በየቀኑ ሆዷን እዳብስ ነበር። ሄጄ ፈትቼ አመጣኋት። እያለቀስኩ ገመዷን ለሹሙ ሰጠሁት።

«የማን ናት?» አለኝ።

«የኔ ናት፣ ጌታዬ። አባቴ ነው የሰጠኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ባሌን «ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ» አለው።

በቀጠሮው ቀን ሆዴን እየገፋሁ ሄድኩ። ያጎቱ ልጅ ያንኑ ቃሉን ደገመ። ዳኛው ሹሙን «ተገብሮበታል?» ብሎ ጠየቀ።

«የሁለቱም መኸር ከነካሳው ተገብሯል።»

«ማን ገበረ?»

ባሌ ደረቱን ነፍቶ ወደ ፊት ወጣ። ሹሙ ግን እሱን አልፎ በጭራው ወደኔ አመለከተ። «እሷ ናት።»

ጊደሪቱን ያን ለት የማን ናት ብሎ የጠየቀኝ ይህን አስቦ ይሆን? ወይስ እንዲያው እንባዬን አይቶ? ስንት ዓመት አሰብኩት፤ ሳልጠይቀው መሞቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዳኛው ወደ ከሳሹ ዞረ። «እንግዲያስ ሙግትህ ከሷ ጋር ነው። ተሟገታት።»

መቀነቴን አጠበቅሁና ቀረብኩ። ሰውየው አየኝ። ከተዳርኩ ጀምሮ አፌን ያውቀዋል። «ከዚች ጋር?» አለ። «ከዚች ጋርስ አልሟገትም፤ ትውሰደው!» ዱላውን አንሥቶ ሄደ፤ ሸንጎው በሳቅ አውካካ። እኔን ግን ደስታው እንደገና አስለቀሰኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባሌ ከኋላዬ ነበር። ደጃችን ስንደርስ «ድንጋዩን የተሸከምኩ እኔ፣ ቤቱ ያንቺ!» አለ።

«አይዞህ» አልኩት ሳልዞር፣ «አስጠጋሃለሁ።»