ከቡና ማጠቢያው በታች

በ1999 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው፤ በሚዛን አካባቢ ቡና የሚለቀምበት ወቅት። ዛሬ ልጄ ከስፖርት ተመልሳ ደጃፍ ላይ ያወለቀችው ጫማ ሸተተኝና የዚያን ጊዜው ግማት ትዝ አለኝ።

ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነበርኩ፤ ነገር ግን ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል። የመዘምራኑ መሪ ለብቻዬ ጠራኝና፣ «እህቴ፣ ለጥምቀት ታቦቱን አጅበን ዳገቱን እየዘመርን ነው የምንወጣው። ዘንድሮ ከምእመናኑ ጋር ብትሆኚስ?» አለኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የደረሰልኝ የስፖርት አስተማሪያችን ነው። የአገሩ ተወላጅ፣ የሌላ ቤተ እምነት ሰው ነበር፤ ታቦት አያጅብም። «ከዴስክ ተነስተሽ ቤት ሄደሽ ዱካ ላይ፣ በርጩማሽ ላይ፣ ትቀመጫለሽ። ትንፋሽ ከየት ይምጣ? በየጠዋቱ ሩጪ» አለኝ። እግዚአብሔር ይስጠው።

የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ቡና እንዲደርቅ ተሰጥቶበት ስለነበር ለሩጫ የቀረኝ ደልዳላ መንገድ ከቡና ማጠቢያው በታች አልፎ ድልድዩ ድረስ የሚሄደው ብቻ ነው። እዚያ የቡናው ልጣጭ ተከምሮ ይበሰብሳል። ጥቁር ውሃ በቦዩ ይወርዳል። ዝንቡ አፍ ውስጥ ይገባል። ጾም ነበርና ሆዴ ባዶ ነው፤ እያቅለሸለሸኝ ምራቄን ብቻ እተፋ ነበር። ያ ጭቃ ጫማዬ ውስጥ ሲገባ ሰውነቴን ይሰቀጥጠኛል። ቡና የሚያወርዱት ጎረምሶች ደግሞ፣ «ዘማሪዋ፣ ለዝንቡም ዘምሪለት እንጂ» ይሉኛል።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከእኔ የባሰች ተጸያፊ ነበረች። «ሥዕለ ማርያም ያለበት ቤት ነው። ይህን ጫማ ይዘሽ እንዳትገቢ» አለችኝ።

ሽታውን አልለመድኩትም፤ እስከ መጨረሻው አስጠላኝ። ግን እንቅልፌ ተስተካከለ፤ ክፍል ውስጥ ማንጎላጀቱ ቀረ። የገና በዓል ሲቃረብ ያን መንገድ ሳልቆም ሮጬ እጨርሰው ጀመር።

ጥምቀት ደረሰ። ዳገቱን እየዘመርኩ፣ እያጨበጨብኩ ከመሪው አጠገብ ወጣሁ። ደብሩ በር ላይ ዞር ስል እናቴ ከታች ዛፍ ተደግፋ ታለከልካለች። እስከዚያ ቀን የራሴን እንጂ የእሷን ትንፋሽ አስተውዬው አላውቅም። ወርጄ ስደርስ እጄን ያዘች።

«ተመስገን። የአንቺስ ትንፋሽ ሞላ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ጫማዬን ሳጠልቅ ነጠላዋን ተከናንባ ደጅ ቆማ አገኘኋት። «እስከ ድልድዩ ብቻ ነው የምሄደው» አለች። ማጠቢያው ሥራ አቁሟል፤ የልጣጩ ጉድጓድ ግን ገና ይገማል። አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ፣ ምራቋን እየተፋች ጥቂት እንደሄደች ቆመች።

«እግዚኦ፤ ይህን እያሸተትሽ ነው የከረምሽው?»

ክንዷን ያዝኩና አካሄዴን በእሷ እርምጃ ልክ አድርጌ፣ ቀስ እያልን ድልድዩ ድረስ ወሰድኳት።