ሽማግሌ የተላከለት ጋራዥ

"ከተማዋ አደገች" የሚለኝ ሰው ደሜን ያፈላዋል። ትናንት እንኳ አንዲት ጎረቤቴ ስልኳን አውጥታ፣ ሰሜን ሚኒያፖሊስ ወንዝ ዳር የተሠራውን አዲስ ፎቅ አሳየችኝና "ከድሪያ፣ አካባቢው እንዴት እንዳማረበት አየሽ?" አለችኝ። አየሁ። መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ በረንዳው ላይ አበባ ተንጠልጥሏል፣ ከፊቱ ሰው ውሻውን ያንሸራሽራል። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ዕድሜዬን የከባድ መኪና ሸራ ስሰፋ ኖሬያለሁ። ከግድግዳው ማዶ ጋሽ ሳህሉ መኪና ይጠግን ነበር። "ለእኔ አላማረም" አልኳት። ቅር ብሏት ሄደች።

ጋሽ ሳህሉ ቁመቱ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ ነው፤ ድምፁ ግን ከዚያ ትከሻ የሚወጣ አይመስልም፣ ለስላሳ ነው። አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ አጎቱ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደገው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥቶ ሚኒሶታ ሲገባ በረዶው ጉልበት ይደርስ ነበር። ሥራ ያገኘው ወንዝ ዳር ካለ የአሸዋና የጠጠር ግቢ ነው። ያኔ ሚሲሲፒን ቆሞ የሚያየው ሰው አልነበረም። ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባዎች አሸዋና ውዳቂ ብረት ይዘው ይመላለሱበታል፤ ወደ ታች የድሮዎቹ ዱቄት ፋብሪካዎች ባዷቸውን ቆመው ርግብ ይራባባቸዋል። አየሩ ብረት ብረት ይሸታል። ነጭ ልብስ ውጭ ያሰጣ ሰው ግራጫ ልብስ ያስገባል። "ለሰው መኖሪያ አይሆንም" ይባል ነበር። ለእኛ ግን ይሆናል ተባለ።

የግቢው ባለቤት አንድ ቆፍጣና ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። አንድ ቀን አሸዋ የሚጭነው ማሽን በብርድ ደርቆ ሲቀር፣ ጋሽ ሳህሉ ጓንቱን አውልቆ ከሥሩ ገባና አስነሣው። ሽማግሌው ይህን አልረሳም። ግቢው ጥግ ላይ የነበረውን የጡብ ቤት "ያንተ ጋራዥ ይሁን" ብሎ አከራየው። ውላቸው መጨባበጥ ነበር። በየዓመቱ ገና ሲቃረብ ሽማግሌው ይመጣል፣ ይጨባበጣሉ፣ ሌላ ዓመት ይቀጥላል። ከሁለቱ አንዱም ቃሉን አጥፎ አያውቅም። ሽማግሌው ሲሞት ጋሽ ሳህሉ ሁላችንንም ሰብስቦ ለቅሶ ወሰደን። ሳሎናቸው ውስጥ ድምፃችንን አጥፍተን ቁጭ አልን። ልጁ ክሬግ ግራ ገብቶት፣ ማን እንደጠራን ለማወቅ ሚስቱን ደጋግሞ ያያታል። እኛ መቼ ተጠርተን ለቅሶ እንሄዳለን?

እኔ ከወሎ ተነሥቼ፣ በኬንያ አድርጌ፣ ሁለት ልጅና አንድ የስፌት ሙያ ይዤ ስመጣ፣ ሰዎች መጀመሪያ ያደረሱኝ እሱ ጋ ነው። አዲስ የመጣ ሁሉ እሱ ጋ ይወሰድ ነበር። መንጃ ፈቃድ ያላወጣውን ያለማምዳል፣ ሥራ የሌለውን ከሹፌር ያገናኛል። እኔን ገና ሳያውቀኝ የጋራዡን ግማሽ በጣውላ ከፈለልኝና "ሸራ የሚሰፋ ሰው እዚህ ሰፈር የለም፤ ያዢያት" አለኝ። በረመዳን ፊቴ ምሳ በልቶ አያውቅም፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ነው የሚጎርሰው። እኔም በፍልሰታ ሥጋ ይዤ አልመጣም። ማንም አላዘዘንም፤ እንዲሁ ሆነን ኖርን።

ከዚያ ዕድገት መጣ። መጀመሪያ የመጡት ፎቶ አንሺዎች ናቸው። የዛገ ብረት፣ የፈረሰ ግድግዳ ያነሣሉ፤ እኛ ለዓመታት ቶሎ በጠገኑት ስንል የኖርነውን ሁሉ "እንዴት ያምራል" ይላሉ። ከነሱ በኋላ ቡና ቤት ተከፈተ። ከቡና ቤቱ በኋላ የብስክሌት መንገድ ወጣ። ዱቄት ፋብሪካዎቹ መኖሪያ ሆኑ፣ ጀልባዎቹ ቀሩ፣ ወንዙ ድንገት ውብ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ስሞታው ተከተለ፤ የጋሽ ሳህሉ መዶሻ ይረብሻል፣ መንገዱ ላይ የሚቆሙት የጭነት መኪኖች እይታ ይጋርዳሉ። ከተማዋ ስትገነባ ጠጠሩን የጫንን፣ ጭሱን የዋጥን ሰዎች በመጨረሻ እይታ የምንጋርድ ሆንን።

ክሬግ እንደ አባቱ አሸዋ የሚነካ ሰው አልነበረም። ቢሮው ከከተማው ወጣ ብሎ ፕሊማውዝ ነው፤ ወደ ግቢው ብቅ የሚለው ከእንግዳ ጋር ብቻ ነው። ለፎቅ ሠሪዎች ሊሸጠው እንደሆነ የሰማነው ከአንድ ቀያሽ ነው። ነገሩን አጣርታ የነገረችን የጋሽ ሳህሉ ልጅ ሶልያና ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሴንት ፖል የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ ብልህ ልጅ ናት።

"ዳዲ፣ ቦታው ኢንዱስትሪያል ነው። ቤት ለመሥራት ሲቲው የቦታውን ፈቃድ ቼንጅ ማድረግ አለበት፤ ከዛ በፊት ሂሪንግ አለ፣ ሰው የሚናገርበት ስብሰባ" አለችው። "ሰው መጥቶ ካልተናገረ አፕሩቭ ያደርጉታል። ብዙ ሰው ከተናገረ ግን ለጋራዡ ቦታ እንዲተው ሊያስገድዱት ይችላሉ።"

ልጅቷ ተነሣች። ሹፌሮቹን፣ ሻኮፒ መጋዘን የሚመላለሱትን፣ የድሮ ደንበኞችን፣ ማዶ ያለችውን ነጭ አሮጊት ሳይቀር ሰበሰበች። ማን ምን እንደሚናገር ተከፋፈሉ። እኔም ደርሶኝ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ለመናገር መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጃለሁ። የምናሸንፍ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ ሰነበትኩ።

ጋሽ ሳህሉ ግን "መጀመሪያ ሽማግሌ ይላክ" አለ።

"ጋሼ፣ ሰውየው ሊያባርረን እኮ ነው።"

"የዚያን ሰው ልጅ ሳላነጋግረው አደባባይ አቁሜ ላሰድበው? እሺ ይበልጣል ከሺ፣ ከድሪያ። በሽምግልና ያልተፈታ ነገር አይቼ አላውቅም።"

ሦስት ሽማግሌ ተመረጠ። አንደኛው አጎቴ ሀጂ ያህያ ናቸው። ሁለተኛው የጋሽ ሳህሉ የንስሐ ወንድም ጋሽ ቸሩ፣ ሦስተኛው የትምህርት ቤት አውቶብስ በመንዳት ዕድሜያቸውን የጨረሱት፣ እንግሊዝኛቸው የማይታማው አቶ ቃልቤሳ ናቸው። ሱፍ ለብሰው፣ ነጠላና ጋቢ ደርበው ወጡ። ፕሊማውዝ ድረስ የነዳሁት እኔ ነኝ። ክሬግ ያነጋገራቸው የመስታወት ክፍል ውስጥ ስለነበር እንግዳ መቀበያው ጋ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አየሁ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማሁም።

በእኛ ደንብ፣ ልመና ይዞ የሄደ ሽማግሌ ወንበር ቢቀርብለትም አይቀመጥም። "ጉዳያችን ይሰማልን" ብሎ ይቆማል። ከተቀመጠ ተሰምቶለታል ማለት ነው። ክሬግ ወንበር አሳያቸው፤ አልተቀመጡም። እሱም ተነሥቶ ቆመ። አቶ ቃልቤሳ ተናገሩ፦ ከሳህሉ ጋር ሳትስማማ ያቺን ጥግ አትሽጥ፣ የአባትህን ወዳጅ ሜዳ ላይ አትጣል። ክሬግ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። "አባቴ ሳህሉን በጣም ይወደው ነበር። የምችለውን አደርጋለሁ፤ እንነጋገራለን። እባካችሁ ተቀመጡ" አለ። ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩና ተቀመጡ። ውሃ አመጣላቸው፣ ጠጡ። ጋሽ ቸሩ ሲወጡ መርቀውታል። እኔም መኪናው ውስጥ እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

ነገር ሽማግሌ እጅ ከገባ በኋላ ወደ ዳኛ የሮጠ ሰው፣ ባላንጣውን ሳይሆን ሽማግሌዎቹን ነው የሚያዋርደው። ስለዚህ ጋሽ ሳህሉ ስልኩን አነሣና ሶልያና ለሰበሰበቻቸው ሰዎች አንድ በአንድ እየደወለ "ተዉት፣ አትምጡ፣ ነገሩ በሽማግሌ ተይዟል" አላቸው። ሁሉም ገባቸው። "ደግ አደረግህ" አሉት። ማዶ ያለችው አሮጊት ብቻ አልገባትም፤ "ካልፈለጋችሁ እሺ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሶልያና ጋራዡ ድረስ መጣች፤ ፊቷ ቀልቶ ነበር።

"ዳዲ፣ የስ አላለም እኮ።"

"ተቀመጡ እኮ" አላት።

"ሶ ዋት?"

"ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ልጄ። አንቺም እንዳትናገሪ፣ በእኔ ሞት። ዛሬ ብትናገሪ ነገ የእነሱን ፊት አላየውም።"

እሷ ግን ስብሰባው ላይ ብቻዋን ሄደች። ኋላ ተቀመጠች። ሰብሳቢው "የሚቃወም አለ?" ብሎ ጠየቀ፤ አዳራሹን በዓይኑ ቃኝቶ ጠበቀ። የምትናገረውን በቃሏ ታውቀዋለች። የአባቷን ቃል ይዛ እጇን ጭኗ ሥር ቀብራ ዝም አለች። ሰብሳቢው ለማጽደቅ እጁን አወጣ፣ ሌሎቹም አወጡ፣ ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

ከዚያ ያለው አጭር ነው። ልቀቁ የሚል ማስታወቂያ በራችን ላይ ተለጠፈ። ጋሽ ሳህሉ "ስህተት ይኖራል፣ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ይሂዱ" አለ። ሄዱ፤ ክሬግ የለም ተባሉ። እንደገና ሄዱ፤ ጸሐፊዋ ካርድ ሰጠቻቸው። እኔ ያን ሰሞን በሁሉም ላይ ጮኼያለሁ፤ በሽማግሌዎቹ ላይ፣ በጋሽ ሳህሉ ላይ፣ በራሴ አጎት ላይ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ጡቡን ሲያፈርሱት ቆሜ አላየሁም። ስፌት መኪናዬ ዛሬ ሴንት ፖል ምድር ቤት ውስጥ ናት፤ ላይ ያሉት ተከራዮች ወለሉን በዱላ ይደበድቡብኛል። ጋሽ ሳህሉ ሻኮፒ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ሺፍት ይገባል። ሞተር በድምፁ የሚለይ ሰው፣ በስተርጅና፣ ካርቶን ለጥፎ ዕቃ ወደሚያመላልሰው ማሽን ቀበቶ ይገፋል። እንዴት ነው ስለው "አልሐምዱሊላህ በይልኝ" ይለኛል፤ በእኔ ቋንቋ መሆኑ ነው።

ባለፈው ወር ክሬግ ራሱ ደወለለት። ፎቁ ሊመረቅ ነው። መግቢያው ላይ የወንዙን የድሮ ሠራተኞች የሚያስታውስ ግድግዳ ተሠርቷል፣ የጋሽ ሳህሉ የወጣትነት ፎቶም አለበት፣ እባክህ ና አለው። ንድድ አልኩ። "አትሄድም" አልኩት። "የጠራ አይናቅም" አለኝ። ብቻውን ከሄደ ፈገግ ብሎ፣ አመስግኖ እንደሚመለስ ስለማውቅ ተከትዬው ሄድኩ።

ፎቶው ግድግዳውን ሞልቶታል። ወጣቱ ሳህሉ አሸዋ መጫኛው ላይ ተደግፎ ይስቃል፤ ከሥሩ ስሙ እንኳ አልተጻፈም፣ "የወንዙ እጆች" ይላል። ሰዎች ብርጭቆ ይዘው ከፊቱ ፎቶ ይነሣሉ። ክሬግ ተናግሮ ሲጨርስ ጋሽ ሳህሉን ትከሻውን አቅፎ ወደ ፊት አወጣውና "በባህላችሁ ታላላቆች ይመርቃሉ አይደል? ቤታችንን መርቅልን" ብሎ ማይኩን ሰጠው።

ጋሽ ሳህሉ መዳፉን ዘረጋ። በቃ፣ ሊመርቅ ነው ብዬ ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። ከዚያ እጁን መለሰና በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ ለስለስ አድርጎ ተናገረ። "ሽማግሌ ላክሁብህ። አስቀመጥካቸው። እኔም ቃል ነው ብዬ ሰዎቼን ከስብሰባው አስቀረሁ። ይህን ቤት አልመርቅም።"

ማይኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከኋላ አንዳንዶች አጨበጨቡ፤ ያልሰሙት ናቸው። እኔ ደረቴን ነፍቼ ተከተልኩት። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መኪናው ጋ ስንደርስ ክሬግ እየሮጠ ደረሰብን። የተቆጣ መስሎኝ ተዘጋጀሁለት። አልተቆጣም።

"ሳህሉ፣ ምን ቃል? ሰዎችህ ሲመጡ እኔ ሽያጩን ፈርሜ ጨርሼ ነበር። ያውቃሉ ብዬ ነው። እነዚያ ሰዎች ለብሰው፣ አምረው ሲመጡ፣ ስለ አባቴ ሲናገሩ፣ ሲመርቁኝ" አለ። "ሊሰናበቱኝ የመጡ ነበር የመሰለኝ።"

ፊቱን አየሁት። ውሸት ፈለግሁበት፤ ወላሂ አጥብቄ ፈለግሁ። አላገኘሁም። ያንን ሰው ቀጣፊ ነው ብዬ ስጠላው ነበር የከረምኩት፤ ጥላቻዬን እንኳ ወሰደብኝ። ለካ አቶ ቃልቤሳ ሲለምኑት እሱ ስንብት እየሰማ ነበር። የምችለውን አደርጋለሁ ያለው ለሐዘንተኛ እንደሚባለው ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያን አዳራሽ ውስጥ ተነሥቶ ቢናገር ኖሮ ያኔውኑ ይገባው ነበር፤ ከተማውም ለጋራዡ ቦታ ሊያስተወው ይችል ነበር።

ጋሽ ሳህሉ የመኪናውን በር ከፈተ። ገብተን ነዳሁ። ድልድዩን ተሻገርን።

"ለሶልያና ይህን እንዳትነግሪያት" አለኝ። "ክሬግ ዋሽቶናል፣ ቃሉን አጥፏል እንበላት። ያን ቀን በከንቱ ነው ዝም ያስባልኩሽ ብዬ ልነግራት አልችልም።"